ቆሎና አኩሪ አተር፤ ከአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ የተነሣ የታሪክ ጥናት

የኢትዮጵያን ሕዝብ ኑሮ የመረመሩ ጸሐፊዎች፣ የአገራችን ሊቃውንትም ሆኑ ከውጭ የመጡ ተጓዦች፣ ስለ እንጀራና ስለ ወጥ፣ ስለ ጠጅና ስለ ጠላ፣ ስለ ግብርና ስለ ድግስ ብዙ ጽፈዋል። ስለ ቆሎ ግን የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለማግኘት አያዳግትም። ቆሎ የገበታ ምግብ አይደለም፤ የሚበላበትም ሰዓት የተወሰነ አይደለም። ሰው ከኪሱ ወይም ከመቀነቱ እየዘገነ በመንገድ ይቆረጥመዋል፤ ቆርጥሞም ሲያበቃ «ምግብ በላሁ» አይልም። እንዲህ ያለውን ነገር ታሪክ ጸሐፊ ቢያልፈው የሚያስደንቅ አይሆንም። ነገር ግን ሕዝብ በየቀኑ የሚያደርገውና ከቁም ነገር የማይቈጥረው ሥራ፣ በትልቅ በዓል ቀን ብቻ ከሚያደርገው ይልቅ የኑሮውን መሠረት ይገልጽ ዘንድ ይችላል።

ይህን ጥናት ለመጀመር ምክንያት የሆነው ነገር ትንሽ ነው። ጸሐፊው በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለ፣ የተቆላ አኩሪ አተር በጨውና በሚያቃጥል ቅመም ታሽቶ፣ በትንንሽ ከረጢት ተሞልቶ፣ ለጤና የሚስማማና ፕሮቲን የበዛበት አዲስ ምግብ ነው ተብሎ ሲሸጥ አየ። ገዝቶ በቀመሰው ጊዜ ግን ያስታወሰው በሐይቅ ከተማ መንገደኛ በሚሳፈርበት ስፍራ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የሽምብራ ቆሎ ነው። በዚያ አገር አዲስ የተባለው ነገር በእኛ አገር የጥንት ነበረ፤ በእኛ አገር አዲስና እንግዳ የሆነው ደግሞ ዘሩ፣ አኩሪ አተሩ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። የቆሎ ልማድ እንዲህ የጸና በሆነበት አገር፣ ከጥራጥሬ ሁሉ በፕሮቲን የሚበልጠው አኩሪ አተር ወደ ቆሎው ምጣድ ለመግባት ስለ ምን ዘገየ? ቢገባስ ምን ይጠቅማል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

፩. ቦታውና ሥራው

አርዲቦ ሐይቅ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ከሐይቅ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በተራሮች መካከል የተኛ ውሃ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ይገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ታላቁ የሐይቅ ባሕር ከእርሱ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ሁለቱን አንከርካ የሚባለው ወንዝ ሲያገናኛቸው ኖሯል። በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ የአምባሰል ተራራ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ያለው አገር እየዘቀዘቀ ወደ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህም የደጋው ገብስና ባቄላ፣ የወይና ደጋው ጤፍና ሽምብራ፣ የቆላው ማሽላ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የዚህ አገር ቆሎ ድብልቅ የመሆኑ ምክንያት አንዱ ይኸው የአገሩ አቀማመጥ ነው።

የቆሎ ሥራ ቀላል ቢመስልም የራሱ ጥበብ አለው። ለገብስ ቆሎ በመጀመሪያ እህሉ ይመረጣል፤ ገለባው በቶሎ የሚለቅ ዐይነት ይወደዳል፤ ሰነፍ ገብስ የሚባለውም ብዙ ድካም ሳያስከትል የሚፈተግ ስለ ሆነ ነው ይላሉ። ገብሱ ጥቂት ውሃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ በሰፌድ ይነፋል፤ ከዚያም በጋለ ምጣድ ላይ ሳያቋርጡ እየተገላበጠ ይታመሳል። ሽምብራ ግን ሌላ አያያዝ ይሻል። አስቀድሞ በውሃ ይነከራል፤ ውሃው ከጠፈፈ በኋላ ይቆላል። ቅመም ያለው እንዲሆን ሲፈለግ ጨውና በርበሬ በውሃ ተበጥብጦ ይታሻል፤ ከታሸም በኋላ እንደ ገና በለዘብታ እሳት ይደርቃል። ባቄላ ተቆልቶ ከተነከረ በኋላ በቅመም የሚበላው ደግሞ አሹቅ ይባላል፤ ይልቁንም በጾም ወራት ይዘወተራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ነገር የእሳቱ መጠን ነው። እሳቱ ቢበረታ ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ቢያንስ ደግሞ ፍሬው ይደነድንና ጥርስ ይሰብራል። ባለሙያዋ ሴት ይህን የምታውቀው በሽታውና በድምፁ ነው፤ ፍሬው በምጣዱ ላይ መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲለወጥ እንጨት ትቀንሳለች። ይህ የእሳት ዕውቀት ከዚህ በታች ስለ አኩሪ አተር በምንናገርበት ክፍል የሚጠቅመን ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

፪. ስሙና አገልግሎቱ

ቆሎ የሚለው ስም የወጣው ቆላ ከሚለው ግሥ ነው። ቡና ይቆላል፤ ሽንኩርት ይቆላል፤ የወጥ ቁሌትም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። ከዚህ የምንረዳው ቆሎ የእህል ስም አለመሆኑን ነው። የሥራ ስም ነው። በእሳት ላይ ደርቆ የታመሰ ፍሬ ሁሉ፣ ገብስም ሆነ ስንዴ፣ ሽምብራም ሆነ ሱፍ፣ ቆሎ ለመባል ይችላል። ሕዝቡ ስሙን ያወጣው ለዘሩ ሳይሆን ለአሠራሩ ነው። ይህ የቋንቋ ምስክርነት የዚህን ጥናት ዋና አሳብ ይደግፋል። በቆሎ ታሪክ ውስጥ የጸናው አሠራሩ ነው፤ ዘሩ ግን ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥና ሲጨመር የኖረ ነው።

የቆሎ አገልግሎት ብዙ ነው። በመጀመሪያ የተማሪ ምግብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለመማር ከአገር ወደ አገር የሚዞረው ወጣት የቆሎ ተማሪ ይባላል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከየቤቱ የሚለምነው ቁራሽና ቆሎ የትምህርቱ ስንቅ ነበር። አብሮ የተማረና አብሮ የቆረጠመ ባልንጀራም እስከ ሽምግልና ድረስ የቆሎ ጓደኛ ተብሎ ይጠራል። የአርዲቦ ጎረቤት የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚህ የትምህርት ታሪክ ታላቅ ስፍራ አለው። በ13ኛው ምእት ዓመት በደብረ ዳሞ የተማረው አባ ኢየሱስ ሞአ ከ1248 ገደማ ጀምሮ በዚያ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ደሴት የነበረው ቦታ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለ መጽሐፉና ስለ ሥዕሉ ብዙ የተነገረለት ይህ የዕውቀት ቤት በአካባቢው ገበሬ እህል ይኖር እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሁለተኛም ቆሎ የመንገደኛና የወታደር ስንቅ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በ1895 በወረኢሉ ከትቶ ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ በዚያ ዘመን ልማድ እያንዳንዱ ወታደር ስንቁን ራሱ ያዘጋጅ ነበር። ማገዶና ውሃ በማይገኝበት፣ ጢስም ለጠላት ምልክት በሚሆንበት ስፍራ ሳይበስል የሚበላ ምግብ ያስፈልጋል። በሶና ቆሎ ለዚህ የሚስማሙ ናቸው። የተቆላ እህል ውሃው ስለ ወጣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቶሎም አይሻግትም፤ በስልቻ ታስሮ ለብዙ ቀን ይቆያል።

ሦስተኛም ቆሎ የቡና ቁርስ ነው። በአርዲቦ አካባቢ የሚበዛው ሕዝብ እስላም ሲሆን ክርስቲያኑም በጉርብትና አብሮ ይኖራል። ሁለቱ የየራሳቸው ሥርዐተ እርድ ስላላቸው አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ቆሎ ግን እርድ የለበትም፤ ቅቤም ካልገባበት በክርስቲያኑ ጾም ቀን እንኳ ይበላል። ስለዚህም ጎረቤት ከጎረቤት ቡና ሲጠራራ፣ ሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉ የሚዘረጋው ሰፌድ የቆሎ ሰፌድ ነው። በወሎ ሕዝብ መካከል የሚደነቀው መቻቻል በታላላቅ ሰዎች ንግግር ብቻ የቆመ አይደለም። እንዲህ ባሉት ትንንሽ ነገሮችም የቆመ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው አገልግሎት የሚያሳዝን ነው። «ቆሎ ለዘር፣ እንዶድ ለድግር አይሆንም» የሚለው ተረት እንደሚያስረዳው የተቆላ ፍሬ አይበቅልም። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ወደ ምጣድ ባቀረበ ቀን የሚመጣውን ዓመት ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው። በ1973ና በ1984 ወሎን በመታው ረኃብ ዘመን የዘር እህላቸውን የበሉ ቤተ ሰቦች ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ የሚዘሩት አጡ። ስለዚህ ቆሎ የጥጋብ ጊዜ ማጣፈጫ ብቻ እንዳልሆነ፣ የችግርም ድንበር እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም።

፫. በምጣዱ ላይ የተለዋወጡት ዘሮች

የቆሎ ዘሮች አመጣጥ ሲመረመር ከአንድ አገር የመጡ አለመሆናቸው ይታያል። ገብስና ሽምብራ በመጀመሪያ ለማዳ የሆኑት በቅርብ ምሥራቅ አገሮች ነው፤ የሽምብራ ጥንታዊ አገር የዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምሥራቅ ክፍል እንደ ሆነ ይታመናል። ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ግን በጣም ቀድመው ነው። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለችው የቅርስ መርማሪ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባሉት በላሊበላና በናጫቢየት ዋሻዎች ቆፍራ፣ የገብስና የሽምብራ ፍሬ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው አፈር ውስጥ አግኝታለች። ይህ የላሊበላ ዋሻ ከታወቁት አብያተ ክርስቲያናት የተለየ ስፍራ ነው። በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው የሩስያ ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም የገብሳችንን ዐይነት ብዛት አይቶ ተደንቋል፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል ምንጮች እንደ አንዱ ቈጥሯታል።

ከእነዚህ ከጥንቶቹ ቀጥለው የመጡት እንግዶች አሉ። ዛሬ ያለ በርበሬ የወሎን ምግብ ማሰብ አይቻልም፤ ሆኖም የሚያቃጥለው በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከ1492 በፊት ከአሜሪካ ውጭ አልነበረም። እንግዲህ በ13ኛው ምእት ዓመት በሐይቅ ገዳም ይማሩ የነበሩት ደቀ መዛሙርት ምንም ቆሎ ቢቆረጥሙ፣ በርበሬ የታሸ ሽምብራ አልቀመሱም። ቅመም ቢያገኙ ኮረሪማን ወይም ዝንጅብልን የመሰለ ይሆን ነበር። እንደዚሁም ዛሬ ከገብስ ቆሎ ጋር ሲደባለቅ የምናየው ለውዝ ከደቡብ አሜሪካ የተገኘ ነው። ሁለቱም ባዕዳን ነበሩ፤ አሁን ግን ማንም ባዕድ አይላቸውም።

ይህ የሆነው በትእዛዝ ወይም በስብከት አልነበረም። አዲሱ ነገር በቀድሞው አሠራር ውስጥ ስፍራ ስላገኘ ነው። በርበሬው በጨው ውሃ ተበጠበጠ፤ ለውዙ በዚያው ምጣድ ታመሰ። ባለሙያዋ አዲስ ዕቃና አዲስ ጥበብ አላስፈለጋትም። የምግብ ታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚማረው ሕግ አለ። ሕዝብ አዲስ ዘር የሚቀበለው በሚያውቀው መልክ ሲመጣለት ነው።

፬. የአኩሪ አተር መምጣት

አኩሪ አተር የሩቅ ምሥራቅ ተክል ነው፤ ለማዳ የሆነውም በቻይና አገር ነው። በዚያም ሕዝብ ዘንድ መቁላት የታወቀ ነው። በጃፓን አገር በየካቲት መጀመሪያ ሴትሱቡን በሚባለው በዓል የተቆላ አኩሪ አተር ይበተናል፤ ሰውም ሁሉ በዕድሜው ቍጥር ልክ ፍሬ ይበላል። የተቆላው ሲፈጭም ኪናኮ የሚባል ዱቄት ይሆናል፤ ይህም በአሠራሩ የእኛን በሶ ይመስላል። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ በአንድ ዐይነት ጥበብ መገናኘታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ አኩሪ አተር የገባው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ በ1966 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ተቋም ዘሩን በልዩ ልዩ ጣቢያዎች ሲሞክር ቆይቷል፤ ክላርክ 63ኬ የተባለውን የመሰሉ ዝርያዎችም ለገበሬ ቀርበዋል። ተክሉ ሙቀት ያለውን ዝቅተኛ ወይና ደጋ ስለሚወድ የተስፋፋው በምዕራቡ የአገራችን ክፍል፣ በመተከልና በፓዌ፣ በወለጋና በጅማ አካባቢ ነው። እንደ አርዲቦ ባለ ከፍ ያለና ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ አገር እንደ ሽምብራ አልሰመረም። ሽምብራ የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ በጥቁሩ ዋልካ መሬት ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ብቻ ይደርሳል፤ ከገበሬው የዓመት ሥራ ጋርም ተስማምቶ የኖረ ነው። አኩሪ አተር ለአርዲቦ ሰው በገበያ የሚገዛ እንጂ ከማሳው የሚያገኘው አልሆነም። የመዘግየቱ አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጣበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ኅብረት የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በኋላም በ1968 የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ተቋም ሆነ። ይህ ክፍል ካዘጋጃቸው ነገሮች የታወቀው ፋፋ ነው። ፋፋ ከእህል ዱቄት፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት የተቀመመ፣ ጡት ለሚተዉ ሕፃናት የሚሆን የገንፎ ዱቄት ነው። የሥራው ታላቅነት የሚካድ አይደለም፤ ብዙ ሕፃናትን ጠቅሟል። በረኃቡም ዘመን የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት በርዳታ መጥቶ በየሠፈሩ ታድሏል። እንግዲህ አኩሪ አተር ለወሎ ሕዝብ በመጀመሪያ የታየው በፍሬነቱ አይደለም። ፍሬው ሳይታወቅ፣ በከረጢት የተሞላ የርዳታ ዱቄት ሆኖ ነው።

ጸሐፊው በአርዲቦ ዳርቻ ቆሎ ሲቆላ ባየበት ቤት፣ አኩሪ አተር ቢጨመርበት እንዴት ይሆናል ብሎ አንዲት እናትን ጠይቆ ነበር። እርሳቸውም ምጣዳቸውን ሳይተዉ፣ «ልጄ፣ እሱ ፋፋ የሚሠሩበት አይደል? ለልጅ ገንፎ እንጂ ለቡናማ እንዴት ይቀርባል!» ብለው መለሱ። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ብዙ የታሪክ ነገር አለ። አንድ ምግብ የታመመ ሕፃንና የተራበ ሰው ምግብ ሆኖ ከታወቀ፣ ለእንግዳ ማቅረቡ እንደ ነውር ይቈጠራል። የምግብ ሊቃውንት የፕሮቲኑን መጠን ሲለኩ፣ ሴቲቱ የምትለካው ክብሩን ነው። ሁለቱም መለኪያዎች እውነተኞች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን የናቀ አይሳካለትም።

፭. እሳት የሚያጠፋውና የማያጠፋው

ከዚህ በኋላ ወደ ንጥረ ምግቡ እንመጣለን። በ100 ግራም ደረቅ ፍሬ ውስጥ በገብስ 11 ግራም፣ በሽምብራ 20 ግራም፣ በባቄላ 26 ግራም፣ በአኩሪ አተር 36 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። አኩሪ አተር በተጨማሪ አንድ አምስተኛ የሚሆን ዘይት አለው። ነገር ግን ብዛቱ ብቻ አይበቃም። ገብስና ስንዴ ላይዚን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይዚን ሞልቶት ሜቲዮኒን ያንሰዋል። ገብስና ሽምብራ በአንድ ሰፌድ ሲደባለቁ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። የአርዲቦ ሴቶች ይህን ድብልቅ ያገኙት ያለ ቤተ ሙከራ ነው። በዓመት ውስጥ ከሥጋና ከወተት የሚጾምበት ቀን ብዙ በሆነው ክርስቲያን ዘንድ፣ ሥጋም ከበዓል ቀን በቀር በማያገኘው ድኻ ዘንድ፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ይህ ድብልቅ ቀላል ነገር አይደለም።

አኩሪ አተር ግን ጥሬውን ቢበሉት ይጐዳል። ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን የሚፈጭ የሆድ ንጥረ ነገር የሚያግድ ኀይል በውስጡ አለ። ኦስቦርንና ሜንዴል የተባሉ አሜሪካውያን በ1917 እንዳሳዩት፣ ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች በደንብ አላደጉም፤ በእሳት የበሰለውን የተመገቡት ግን አደጉ። የሚያግደውን ነገር ኩኒትዝ የተባለው ሊቅ በ1945 ለይቶ አወጣው። በበቂ ሙቀት ኀይሉ ይጠፋል፤ ደስ የማይለው የጥሬነት ጣዕሙም አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ ለአኩሪ አተር የሚያስፈልገው ጥበብ፣ ውጩ ሳያርር ውስጡ ድረስ በለዘብታ መቁላት ነው። ይህም የቆሎ ባለሙያ ከእናቷ የተማረችው፣ በሽታና በድምፅ የምታውቀው ያው ጥበብ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት የምናየው ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ስናስተያየው ነው። ጓያ በወሎና በጎንደር፣ በሸዋም የታወቀ ሰብል ነው። በፕሮቲን ከባቄላ አያንስም፤ ድርቅንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ይችላል። ሌላው ሰብል ሁሉ በጠፋበት ዓመት በማሳ ላይ የሚቀረው እርሱ ነው። ነገር ግን ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዝ አለበት፤ ለብዙ ሳምንት እርሱን አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ሊሰለል ይችላል፤ ከተሰለለም በኋላ አይድንም። ከአምባሰል ወደ ምዕራብ በሚገኘው በደላንታና በዳውንት አገር፣ ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት፣ 2,000 ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ ተይዘዋል። በዚህ ደዌ ከሚያዙት ወጣት ወንዶች እንደሚበዙ የታወቀ ነው።

ይህን ወረርሽኝ ኀይለየሱስ ጌታሁንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከቤልጅጉ ሊቅ ከፈርናንድ ላምባይን ጋር መርምረው ያገኙት ውጤት ለእኛ ጥናት እጅግ ጠቃሚ ነው። አደጋው በአሠራሩ ዐይነት የሚለያይ ሆኖ ተገኝቷል። ጓያ በእሸትነቱ፣ በንፍሮ ወይም በቆሎ መልክ ሲበላ አደጋው ከፍ ይላል፤ ቦክቶ እንጀራ ሲሆን ወይም ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀል ይቀንሳል፤ ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሰለ ቅመም ካለበት ወጥ ጋርም እንዲሁ። ስለዚህ የቆሎ ምጣድ ለአኩሪ አተር መድኀኒቱ ሲሆን ለጓያ አይበቃውም። እሳት የአንዱን ጉዳት ያጠፋል፤ የሌላውን አያጠፋም። ለዐይን ግን ሁለቱም ያው ቆሎ ናቸው።

ከዚህ በላይ «ሕዝብ አዲስ ዘር የሚቀበለው በሚያውቀው መልክ ሲመጣለት ነው» ብለን ነበር። አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባናል። መልኩ ሁሉን ስለሚቀበል የሚጐዳውንም ይቀበላል። ቆሎ የሥራ ስም መሆኑ ኀይሉም ድካሙም ነው። የጥንቱን ልማድ የምናከብር ሰዎች፣ ልማድ በሙሉ ጥበብ ነው ከማለት እንጠንቀቅ፤ አዲሱን ትምህርት የተማርን ሰዎችም፣ ልማድ በሙሉ ድንቁርና ነው ከማለት እንጠንቀቅ። ገብስና ሽምብራ በአንድ ሰፌድ መደባለቃቸው ጥበብ ነው፤ በችግር ዘመን የጓያ ቆሎ ብቻውን መቆርጠሙ ግን ለብዙ ሰው ጥፋት ሆኗል።

፮. ማጠቃለያ

እስካሁን የተባለውን ስንሰበስብ፣ አኩሪ አተር በአርዲቦ አካባቢ ቆሎ ለመሆን የዘገየው ሕዝቡ አዲስ ነገር ስለሚጠላ አይደለም። በርበሬንና ለውዝን የተቀበለ ሕዝብ እንዲህ ሊባል አይገባም። የዘገየው በአንድ በኩል የአገሩ አየር ለዘሩ ስላልተመቸው ነው፤ በሌላም በኩል በዱቄትነትና በርዳታ መልክ ስለ መጣ፣ ከሰፌድ ይልቅ ከገንፎ ድስት ጋር ስለ ተቈራኘ ነው። ከሽምብራ ጋር ተደባልቆ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ በደንብ ተቆልቶ ለቡና ቢቀርብ ግን የሚናቅበት ምክንያት አይኖርም። ሽምብራን ይተካ ማለታችን አይደለም፤ ሽምብራ የማሳው ልጅ ስለ ሆነ ስፍራው የራሱ ነው። አኩሪ አተር እንደ ለውዝ በእንግድነት ይግባ፤ ይልቁንም ድኻው በክፉ ዘመን ጓያ በሚቆላበት ምጣድ ላይ በጊዜ ቢደርስለት፣ ነገሩ ከቡና ቁርስ ይበልጣል።

ይህን ለማድረግ ግን አስቀድሞ መጠየቅና መጻፍ ያስፈልጋል። በየወረዳው የትኛው ፍሬ ከየትኛው ጋር ይደባለቃል? ስንት ጊዜ ይነከራል? በክፉ ዘመንስ ምን ይቆላ ነበር? የማኅበራችን ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ወደየአገራቸው ሲመለሱ እነዚህን ጥያቄዎች ለእናቶቻቸውና ለአያቶቻቸው ቢያቀርቡ መልሱን አያጡም። የነገሥታቱ ታሪክ በብራና ተጽፎ ቆይቶናል፤ የምጣዱ ታሪክ ግን በባለሙያዎቹ ልብ ብቻ ነው ያለው። እነርሱም አርጅተዋል።